መኪናዬ አልነሳ አለ፤ ምን ላድርግ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህ ጥያቄዎች መሐል አዲስ አበባ ውስጥ፣ ከፒያሳና ከአራት ኪሎ እስከ ለገሃርና ሜክሲኮ ባለው አካባቢ፣ መኪናቸውን አቁመው ሲመለሱ ወይም ጠዋት ከግቢ ሊወጡ ሲሉ ሞተሩ እምቢ ያላቸው ጎረቤቶቼና የሥራ ባልደረቦቼ ደጋግመው የጠየቁኝ ናቸው። መልሶቹን ለመጻፍ ያነሳሳኝ አንድ ነገር ነው፦ የማይነሳ ሞተር አብዛኛውን ጊዜ ችግሩን በድምፁና በመብራቱ ራሱ ይናገራል፤ እኛ ግን ሳናዳምጠው ባትሪ ወይም ሞተሪኖ (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳውን ክፍል) ለመግዛት እንሮጣለን፤ ገንዘቡም በከንቱ ይወጣል።

ቁልፉን ሳዞር ሞተሩ ካልተነሳ መጀመሪያ ምን ላድርግ?

እጅዎን ከቁልፉ ላይ ያንሱ። ሰው ሲቸኩል፣ በተለይም ከኋላው የሚኒባስ ጥሩምባ ሲጮኽበት፣ ቁልፉን እየደጋገመ ያዞራል፤ ይህ ግን የቀረችውን የባትሪ ጉልበት ከመጨረስ በቀር የሚፈይደው ነገር የለም። መኪናው መንገድ ላይ ከሆነ አራቱንም ፍሬቻ ያብሩ፤ የእጅ ፍሬኑንም ይሳቡ። መኪናው አውቶማቲክ ከሆነ ማርሹ ፒ ወይም ኤን ላይ መሆኑን በዓይንዎ አይተው ያረጋግጡ፤ ከእነዚህ ከሁለቱ ውጭ ሞተሪኖው እንዲሠራ አይፈቀድለትምና። በጣት ተጭነው የሚያስነሱት መኪና ከሆነ ደግሞ የፍሬን ፔዳሉን ጠበቅ አድርገው መርገጥ ያስፈልጋል፤ ማርሹ በእጅ የሚቀያየር ከሆነም አንዳንዱ መኪና ፍሪሲዮን ካልተረገጠ አይነሳም።

ከዚያ ሬዲዮውንና ማራገቢያውን አጥፍተው፣ መስኮቱን ዝቅ አድርገው፣ አንድ ጊዜ ብቻ ያዙሩና ያዳምጡ። የሚሰሙት ነገር ከአራቱ አንዱ ነው። ወይ ምንም ድምፅ የለም፤ ወይ «ጣ» ብሎ ዝም ይላል አለዚያም «ጣ ጣ ጣ ጣ» እያለ ይንተባተባል፤ ወይ እየጎተተ በድካም ይዞራል፤ ወይ ደግሞ በሙሉ ኃይሉ ይዞራል ግን አይነሳም። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ የኤሌክትሪክ ጉዳዮች ናቸውና ባትሪው፣ ገመዶቹና ሞተሪኖው ጋ ይፈለጋሉ። አራተኛው ግን ባትሪውም ሞተሪኖውም ሥራቸውን በደንብ እየሠሩ መሆናቸውን ስለሚያሳይ፣ ፍለጋው ወደ ነዳጁና ወደ እሳቱ፣ ማለትም ነዳጁን ወደሚያቀጣጥለው ብልጭታ፣ ይዞራል። ይህችን ልዩነት ለይቶ ለመካኒኩ በስልክ መንገር የሚችል ሰው የጥገናውን ግማሽ ጨርሷል።

በአንድ ጊዜ ለስንት ሰከንድ ላዙር?

ከ10 ሰከንድ አይለፉ፤ ከዚያም ቢያንስ ግማሽ ደቂቃ ያሳርፉት። ሞተሪኖ በሥራ ላይ ሳለ ከ100 አምፔር በላይ ሊስብ ስለሚችል በፍጥነት ይግላል፤ ሳይበርድ ደጋግሞ ማዞር በውስጡ ያለውን የሽቦ ጥቅልል ያቃጥለዋል። ሦስት ጊዜ ሞክረው ካልተነሳ አራተኛው ብቻውን የሚለውጠው ነገር ስለሌለ፣ ወርደው ኮፈኑን ይክፈቱ።

«ጣ» ብቻ ብሎ ዝም ይላል። የባትሪ ነው ወይስ የሞተሪኖ ችግር?

ይህን ለመለየት ጋራዥ መሄድ አያስፈልግም። የፊት መብራቱን ያብሩና መኪናው ፊት ለፊት ያለውን ግድግዳ ወይም የግቢውን በር እያዩ ቁልፉን ያዙሩ፤ ቀን ከሆነ አንድ ሰው ከፊት ቆሞ እንዲያይልዎ ይጠይቁ። መብራቱ ቁልፉ ሲዞር የሚሞት ወይም እንደ ሻማ የሚደበዝዝ ከሆነ ባትሪው ደክሟል ወይም የባትሪው ማሰሪያ ላልቷል። መብራቱ እንደበራ ሆኖ አንድ «ጣ» ብቻ ከተሰማ ጥርጣሬው ወደ ሞተሪኖው ያመራል። ፈጥኖ የሚደጋገም «ጣ ጣ ጣ» ግን የደከመ ባትሪ ምልክት ነው፤ የሞተሪኖው መሳቢያ ለመያዝ ይሞክርና ጉልበት ሲያጣ ይለቃል፣ እንደገና ይሞክራል።

ባትሪውን ከመውቀስዎ በፊት ግን ራሶቹን ይመልከቱ። ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት የመሰለ ነገር ማሰሪያዎቹ ላይ ካበበ፣ ወይም ማሰሪያው በእጅ ሲነካ የሚነቃነቅ ከሆነ፣ ችግርዎ እዚያው ሊያልቅ ይችላል። ሞተሩን አጥፍተው መጀመሪያ ጥቁሩን (ኔጌቲቩን)፣ ቀጥሎ ቀዩን ይፍቱ፤ ቤኪንግ ሶዳ በሞቀ ውሃ በጥብጠው በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ያጥቡት፤ የባትሪው ክዳኖች የሚከፈቱ ዓይነት ከሆኑ ድብልቁ ወደ ውስጥ እንዳይገባ ይጠንቀቁ። በደረቅ ጨርቅ ካበሱ በኋላ ሲያስሩ ቀዩን አስቀድመው፣ ጥቁሩን አስከትለው ያጥብቁት።

እዚህ ላይ እኔው ራሴ የደረሰብኝን ልንገርዎት። በአንድ የታኅሣሥ ጠዋት ጊዮርጊስ አካባቢ መኪናዬ «ጣ» ብላ ቀረች። የፊት መብራቱ ደህና ይበራል፤ አንድ ጋራዥ ሞተሪኖው አልቋል ብሎኝ ሌላ ገዝቼ አስገጠምኩ፤ ሁለት ቀን ሠርታ በሦስተኛው ያችው «ጣ» ተመለሰች። በመጨረሻ አንድ በዕድሜ የገፉ የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ መጡ። ምንም ሳይፈቱ የባትሪ ማስነሻውን ጥቁር ገመድ አንዱን ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ፣ ሌላውን በቀጥታ በሞተሩ ብረት ላይ አስይዘው «በል አዙር» አሉኝ፤ በመጀመሪያው ተነሳች። ከባትሪው ወደ ሞተሩ የሚወርደው፣ ብዙ ባለሙያዎች ማሳ የሚሉት ገመድ ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ሥር ጣት ያህል ወፍሮ ይታያል፤ ፕላስቲኩን ገለጥ ሲያደርጉት ግን ውስጡ አረንጓዴ ዱቄት ሆኖ የቀሩት አራት ወይም አምስት የመዳብ ክሮች ነበሩ። ለመብራት የሚበቃ መንገድ ነበራቸው፤ ለሞተሪኖ የሚበቃ ግን አልነበራቸውም። ስለዚህ ሞተሪኖ እንዲለወጥ ሲነገርዎት ማሳው ታይቶ እንደሆነ ሳይጠይቁ አይክፈሉ።

ባትሪዬ ደህና መሆኑን በቁጥር ማወቅ እችላለሁ?

ይችላሉ፤ ትንሽ ቴስተር ገዝቶ መኪና ውስጥ ማስቀመጥም ከብዙ ግምት ያድናል። መኪናው ለጥቂት ሰዓታት ከቆመ በኋላ ሲለካ ሙሉ የሆነ ባለ 12 ቮልት ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል። 12.2 ካሳየ ግማሽ ያህሉ ብቻ ቀርቷል፤ 12 ከሆነ ሩብ ያህል ነው፤ ከዚያ በታች ለማስነሳት የሚበቃ ጉልበት አይጠበቅበትም። ይህ ግን ግማሹ ምርመራ ነው። ቆሞ 12.5 የሚያሳይ ያረጀ ባትሪ ሥራ ሲጀምር ሊወድቅ ስለሚችል፣ አንድ ሰው ቁልፉን እያዞረ እርስዎ ቁጥሩን ይመልከቱ፤ በሚዞርበት ጊዜ ከ9.6 ቮልት በታች ከወረደ፣ ባትሪው ሞልቶም እንዲህ የሚያደርግ ከሆነ፣ ጊዜው አልፏል።

ክዳኑ በሚከፈት ባትሪ ውስጥ ውሃው በውስጡ ከሚታዩት ዝርግ ብረቶች በታች ወርዶ ካዩ የሚጨመረው የተጣራ የባትሪ ውሃ ብቻ ነው። የቧንቧ ውሃ ማዕድን ስላለው ይጎዳዋል፤ የጎደለው ውሃ ሆኖ ሳለ አሲድ መጨመርም ስህተት ነው።

ባትሪው አዲስ ነው። ታዲያ ለምን በየሳምንቱ ይደክማል?

ሦስት ነገሮችን በቅደም ተከተል ይመርምሩ።

የመጀመሪያው ዲናሞው፣ ሞተሩ ሲሠራ ባትሪውን የሚሞላው ክፍል፣ ነው። ሞተሩ እየሠራ የባትሪው ራስ ላይ ሲለካ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ያህል መታየት አለበት። ቁጥሩ 12 አካባቢ ላይ ቆሞ ከቀረ ዲናሞው አይሞላም፤ ወይም የሚያዞረው ቺንጋ (ቀበቶ) ላልቷል። ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ገመድ ነቅሎ «ካልጠፋ ዲናሞው ደህና ነው» የሚለውን የቆየ ልማድ ማንም ሰው በመኪናዎ ላይ እንዲፈጽም አይፍቀዱ። በድሮዎቹ መኪኖች ላይ ብዙ ጉዳት ላያደርስ ይችል ነበር፤ ኮምፒውተር ባላቸው ላይ ግን ድንገት የሚዘለው ቮልቴጅ ኮምፒውተሩንም ራሱን ዲናሞውንም ሊያቃጥል ይችላል።

ሁለተኛው የመሐል ከተማው የአነዳድ ሁኔታ ነው። ከአራት ኪሎ ፒያሳ፣ ከፒያሳ ብሔራዊ ቴአትር፣ በመሐሉ ረጅም ሰልፍ፤ ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር እየሠራ መብራት፣ ዝናብ መጥረጊያ፣ ማራገቢያና ሬዲዮ አብረው ይበላሉ። አንዴ ለማስነሳት የወጣው ጉልበት ሳይመለስ መኪናው ይቆማል፤ ከሰዓት በኋላ እንደገና ይወጣበታል። እንዲህ ለሚያሽከረክር ሰው ቢያንስ በሳምንት አንድ ቀን ሞተሩ ዙር የሚያገኝበትን ረዘም ያለ መንገድ መሄድ፣ አለዚያም ባትሪውን አልፎ አልፎ በቻርጀር ማስሞላት ይጠቅማል።

ሦስተኛው መኪናው ቆሞ ሳለ የሚበላ ነገር መኖሩ ነው። የጓንት ሳጥኑ ወይም የኋላ ኪሱ መብራት ክዳኑ ተዘግቶም እንደበራ የሚያድርበት ጊዜ አለ፤ ከጊዜ በኋላ የተገጠመ አላርም፣ ጂፒኤስና የሙዚቃ ማጉያም እንዲሁ ናቸው። ለበዓል ክፍለ ሀገር ሄደው ሁለትና ሦስት ሳምንት የሚቆዩ ከሆነ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፈትቶ መሄድ ቀላሉ መፍትሔ ነው።

ከሌላ መኪና ባትሪ ስወስድ ገመዱን በየትኛው ቅደም ተከተል ላሰር?

ሁለቱም መኪኖች ባለ 12 ቮልት መሆናቸውን በቅድሚያ ያረጋግጡ፤ ከባድ የጭነት መኪኖች ብዙዎቹ በ24 ቮልት ስለሚሠሩ ከእነሱ መውሰድ የመኪናዎን ኤሌክትሪክ ሊያቃጥል ይችላል። ሁለቱ መኪኖች እርስ በርስ ሳይነካኩ ጎን ለጎን ይቁሙ፤ ሞተራቸውም ይጥፋ። የቀዩን ገመድ አንዱን ጫፍ በሞተው ባትሪ ፖዘቲቭ፣ ሌላውን በደህናው ባትሪ ፖዘቲቭ ላይ ያስይዙ። ጥቁሩን ገመድ በደህናው ባትሪ ኔጌቲቭ ላይ ያስይዙና የመጨረሻውን ጫፍ ወደ ሞተው ባትሪ አይውሰዱት፤ ከባትሪው ራቅ ካለ፣ ቀለም ካልተቀባ የሞተር ብረት ጋር ያገናኙት። የመጨረሻው ጫፍ ሲነካ ብልጭታ ይወጣል፤ ባትሪ ደግሞ የሚቀጣጠል ሃይድሮጂን ጋዝ ስለሚያወጣ፣ ብልጭታውን ከባትሪው ማራቅ ማለት ባትሪው ፊትዎ ላይ እንዳይፈነዳ ማድረግ ነው። በዚህ ሥራ ላይ ሳሉ ሲጋራ የያዘ ሰው አጠገብዎ አይቁም።

ከዚያ የደህናውን መኪና ሞተር አስነስተው ለጥቂት ደቂቃ ያቆዩትና የእርስዎን ይሞክሩ። ከተነሳ በኋላ ገመዶቹን በመጡበት መንገድ ወደ ኋላ እየቆጠሩ ይፍቱ። ወዲያው ሞተሩን ማጥፋት የለብዎትም፤ የግማሽ ሰዓት ጉዞም ቢሆን የሞተ ባትሪን ሙሉ አያደርገውም፣ ወደ ቤት ያደርስዎታል እንጂ።

ቸርችል ጎዳና ቁልቁል ነው፤ በግፊት ማስነሳት አይቻልም?

ማርሹ በእጅ የሚቀየር መኪና ከሆነ፣ ችግሩም የባትሪ ወይም የሞተሪኖ ከሆነ ይቻላል። ቁልፉን ወደ ሁለተኛው ቦታ ከፍተው የዳሽቦርዱ መብራት መምጣቱን ያያሉ፤ ፍሪሲዮኑን ረግጠው ሁለተኛ ማርሽ ያስገባሉ፤ መኪናው ፈጠን ካለ እርምጃ ትንሽ ሲያልፍ ፍሪሲዮኑን ድንገት ለቀቅ ያደርጋሉ፤ ሞተሩ ሲነሳም መልሰው ይረግጡታል። አውቶማቲክ መኪና በዚህ መንገድ አይነሳም፤ ገፊዎቹን ማድከም ብቻ ይሆናል።

ነገር ግን ቸርችልን በተለይ ስለጠየቁ ግልጽ ልሁን፤ ከማዘጋጃ ቤት ወደ ቴዎድሮስ አደባባይ የሚወርደውን ቁልቁለት ለዚህ ሥራ አይምረጡት። ሞተሩ ሳይነሳ የሚንደረደር መኪና የፍሬን ረዳት ኃይሉ ከሁለት ወይም ከሦስት ርግጫ በኋላ ያልቅና ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል፤ መሪውም ይከብዳል። ቁልፉ ወደ መጨረሻው ከተመለሰ ወይም ከተነቀለ ደግሞ መሪው ይቆለፋል፤ ከፊት ያለው ሰውም መኪናም ነው። ሜዳ ላይ ሁለት ሦስት ወጣቶች ቢገፉልዎ ይበልጣል፤ ገፊዎችም ከኋላ እንጂ ከበሩ ጎን እንዳይቆሙ ይንገሯቸው። በሌላ በኩል ሞተሩ በደንብ እየዞረ የማይነሳ ከሆነ መግፋት አይጠቅምም፤ ያልተቃጠለ ቤንዚን ወደ ጭስ ማውጫው እየገባ በውስጡ ያለውን የጭስ ማጣሪያ ሊያበላሽ ይችላል።

ሞተሩ በደንብ ይዞራል፤ ግን አይነሳም። ከየት ልጀምር?

ከነዳጁ። በሚያሳፍር ሁኔታ ብዙ ጊዜ መልሱ እዚህ ነው። የነዳጅ መለኪያቸው የተበላሸ መኪኖች ብዙ ናቸው፤ መለኪያው ሩብ እያለ ጋኑ ባዶ ሊሆን ይችላል። ነዳጁ ጥቂት ሆኖ መኪናው ተዳፋት ላይ አፍንጫውን ሽቅብ ወይም ቁልቁል አድርጎ ከቆመ ደግሞ ነዳጁ ወደ አንድ ጎን ይሸሽና ፓምፑ አየር ይስባል፤ ሜዳ ላይ የሚነሳው መኪና ተዳፋት ላይ እምቢ ይላል። በጋኑ ውስጥ የሚቀመጥ ፓምፕ የሚቀዘቅዘው በዙሪያው ባለው ነዳጅ ስለሆነ ሁልጊዜ የነዳጅ ማስጠንቀቂያ መብራቱ በርቶ መንዳት የፓምፑን ዕድሜ ያሳጥረዋል።

ነዳጅ ካለ፣ ጸጥ ባለ ቦታ ቁልፉን ሞተሪኖውን ሳያዞሩ ሁለተኛው ቦታ ላይ ብቻ ይክፈቱና ከኋላ ወንበር ሥር ያዳምጡ። ብዙዎቹ መኪኖች ላይ ፓምፑ ለሁለት ሰከንድ ያህል «ዝዝዝ» ብሎ ሲያቆም ይሰማል። ካልተሰማ የፓምፑን ፊውዝና ሪሌ (ኤሌክትሪኩን የሚከፍትለትን ማብሪያ) ይመልከቱ፤ የትኛው እንደሆነ በፊውዝ ሳጥኑ ክዳን ውስጥ ተጽፏል። የተቃጠለ ፊውዝ ሽቦው ተበጥሶ በዓይን ይታያል፤ በተመሳሳይ አምፔር ይተኩት እንጂ በሽቦ ወይም በሲጋራ ወረቀት አይቀጥሉት፤ የመኪና ቃጠሎ የሚነሳው በዚህ ዓይነት ብልሃት ነው።

ነዳጅም ፓምፕም ደህና ከሆኑ፣ ነዳጁን የሚያቀጣጥለውን ብልጭታ ከሚሰጡት ካንዴላዎች አንዱን ይፍቱ። የካንዴላ ጫፍ ብዙ ይናገራል። ደረቅና ንጹሕ ከሆነ ነዳጅ አልደረሰም። እርጥብ ሆኖ ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ ነዳጁ ደርሷል፤ እሳቱ ግን አልመጣም ወይም ሞተሩ ነዳጅ በዝቶበታል። ጥቁር ጥላሸት ከለበሰ ነዳጁ ከአየሩ ይበዛል። ደህና የሚሠራ ሞተር ካንዴላ ፈዘዝ ያለ ቡናማ፣ የማኪያቶ ዓይነት ቀለም አለው። የእሳት ገመድን በእጅ ይዞ ብልጭታ መሞከር ግን ክልክል ነው፤ በኮይሉ ውስጥ የሚፈጠረው በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ቮልት ነው።

ነዳጅ የበዛበት ሞተር ኮፈኑ ሲከፈት ይሸታል። አሥር ደቂቃ ያህል ይጠብቁና የነዳጅ ፔዳሉን እስከ መጨረሻው ረግጠው፣ ሳይለቁ፣ ለጥቂት ሰከንድ ያዙሩት። ኢንጀክሽን ያለው፣ ማለትም ነዳጁ በኮምፒውተር ተለክቶ የሚረጭበት መኪና ብዙውን ጊዜ ይህን ሲያይ ነዳጁን ይዘጋል፤ ካርቡራተር ያለው ደግሞ ብዙ አየር ያገኛል። ካርቡራተር ባለው መኪና ላይ ፔዳሉን ደጋግሞ መምታት ግን ችግሩን ያባብሰዋል።

እዚህ ላይ አንድ ድምፅ ለይተው ይወቁ። ሞተሩ ከወትሮው ቀልሎና ፈጥኖ፣ እንደ ስፌት መኪና አንድ ወጥ በሆነ ድምፅ ከዞረ፣ የቫልቮቹን አከፋፈት ከፒስተኖቹ ዙር ጋር የሚያስማማው የታይሚንግ ቺንጋ ተበጥሶ ሊሆን ይችላልና ወዲያው ያቁሙ። በአንዳንድ ሞተሮች ላይ ከዚያ በኋላ የሚደረግ እያንዳንዱ ዙር ቫልቮቹን ከፒስተኑ ጋር ያጋጫል። የድሮዎቹ ኮሮላዎች በአብዛኛው በቺንጋ ይሠራሉ፤ ቪትዝ ግን ሰንሰለት ስላለው በዚህ ምክንያት የሚቆመው ከስንት አንዴ ነው።

በክረምት፣ ከዝናብ በኋላ ብቻ ለምን አይነሳም?

በአሮጌ መኪኖች ላይ እሳት የሚያከፋፍለው ዲስትሪቢዩተር ክዳኑ ተሰንጥቆ ወይም ጎማው አልቆ እርጥበት ይገባዋል፤ እሳቱም ወደ ካንዴላው ከመሄድ ይልቅ በእርጥበቱ ላይ አቋርጦ ይጠፋል። ክዳኑን ፈትቶ በደረቅ ጨርቅ ውስጡን ማድረቅ ብዙ ጊዜ ያስነሳዋል፤ ሐምሌና ነሐሴን በሰላም ለማለፍ ግን ክዳኑንና ገመዶቹን መለወጥ ነው።

ከዚህ እጅግ የሚከፋው መኪናው በጎርፍ ውስጥ ገብቶ የጠፋበት ሁኔታ ነው። ከባድ ዝናብ ሲጥል ውሃ የሚተኛበት ዝቅተኛ ቦታ ላይ ሞተሩ ድንገት ከጠፋብዎ እባክዎን መልሰው ለማስነሳት አይሞክሩ። አየር መሳቢያው ውሃ ጠጥቶ ከሆነ ውሃው ሲሊንደር ውስጥ ተቀምጧል፤ ውሃ እንደ አየር ስለማይጨመቅ አንድ ዙር ብቻ ቢዬላውን (ፒስተኑን የሚያያይዘውን ዘንግ) ሊያጣምም ይችላል። መኪናው ይገፋ፣ ካንዴላዎቹ ይፈቱ፣ ውሃው ይውጣ፣ ዘይቱም ይታይ፤ ዘይቱ ወተት መስሎ ከነጣ ውሃ ገብቶበታል። አንዲት ቁልፍ ማዞርና አለማዞር በቀላል ጽዳትና ሞተር ተፈቶ በሚሠራ ጥገና መካከል ያለውን ልዩነት ሊያመጣ ይችላል።

ጠዋት ጠዋት ብቻ ያስቸግረኛል። ብርዱ ነው?

ብርዱም ከፍታውም። ከኅዳር እስከ ጥር ያለው የአዲስ አበባ ንጋት ዘይቱን ያወፍረዋል፤ የባትሪውንም ጉልበት ይቀንሳል፤ ስለዚህ በግንቦት ሳይታወቅ የቆየ ድካም በታኅሣሥ ይገለጣል። ከተማችን ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ኢንጀክሽን ያላቸው መኪኖች ይህን በሴንሰር ለክተው ነዳጁን ራሳቸው ይቀንሳሉ፤ ካርቡራተር ያላቸው ግን ለዚህ ከፍታ ካልተስተካከሉ ነዳጅ ይበዛባቸውና ካንዴላቸው ይጠቁራል።

የናፍጣ ሞተር ካንዴላ የሚያቀጣጥለው እሳት የለውም፤ አየሩን ጨምቆ በማጋል ነው የሚያቃጥለው፤ ስለዚህ በቀዝቃዛና በሳሳ አየር ውስጥ ማሞቂያዎቹ ደህና መሆናቸው ወሳኝ ነው። ቁልፉን ከፍተው ጥቅልል የሽቦ ምልክት ያላት ቢጫ መብራት እስክትጠፋ ይጠብቁና ያዙሩ። መብራቷ ጭራሽ ካልመጣች የማሞቂያው ፊውዝ ወይም ሪሌ ይታይ። ናፍጣ ጨርሶ የቆመ መኪና ደግሞ ብዙውን ጊዜ ነዳጅ ስለተጨመረበት ብቻ አይነሳም፤ በመስመሩ ውስጥ የገባው አየር በእጅ ፓምፑ ተገፍቶ መውጣት አለበት።

ቀዝቃዛ ሳለ ይነሳል፤ ነድቼ ሳቆመው ግን እምቢ ይላል።

የሞተሩን መዞር የሚያነበው የክራንክ ሴንሰር ሲግል ሥራውን የሚያቆምበት ጊዜ አለ፤ ሃያ ወይም ሠላሳ ደቂቃ ሲበርድ መኪናው ምንም እንዳልሆነ ይነሳል። ሞተሪኖም ሲያረጅ በሙቀት ይደነድናል። ልዩነቱ ግልጽ ነው፦ ሴንሰሩ ከሆነ ሞተሩ በደንብ ይዞራል፤ ሞተሪኖው ከሆነ አይዞርም።

ቁልፉ ራሱ አልዞር አለ፤ ወይም የቁልፍ ምልክት ዳሽቦርዱ ላይ ብልጭ ድርግም ይላል።

ቁልፉ ካልዞረ መሪው ተቆልፏል፤ መሪውን ግራና ቀኝ በቀስታ እየነቀነቁ ያዙሩት። የቁልፉ ምልክት የሚበራና የሚጠፋ ከሆነ መኪናው ቁልፉን አላወቀውም፤ ያለዎትን ሁለተኛ ቁልፍ ይሞክሩ። በጣት የሚነሳ ከሆነ የቁልፉ ትንሽ ባትሪ አልቆ ይሆናልና ቁልፉን ራሱን ከመጫኛው ጋር አስጠግተው ይጫኑት፤ ብዙዎቹ በዚህ ይነሳሉ።

ዕቃ መግዛት ካለብኝ ምን ልጠንቀቅ?

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ ስለተከለከለ በእጃችን ያለውን መኪና ረጅም ዘመን መያዛችን አይቀርም፤ ስለዚህ እያንዳንዱ የተሳሳተ ግዢ ያሳስበኛል። የመኪና መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሲሄዱ የተፈታውን አሮጌ ዕቃ ይዘው ይሂዱ፤ በስም ብቻ የተጠየቀ ሞተሪኖ ጥርሱ ሊለያይ ይችላል። ያገለገለ ሞተሪኖ ወይም ዲናሞ ከሆነ ባትሪ ላይ ተሞክሮ ሲዞር ሳያዩ አይግዙ፤ ካልሠራ ይመለሳል የሚለውንም ከመክፈልዎ በፊት ይነጋገሩ። ባትሪ ሲገዙ አምፔሩን ከአሮጌው ጋር ያስተያዩ፤ ቮልቱንም እዚያው ያስለኩ፤ መደርደሪያ ላይ ብዙ ወራት የቆየ ባትሪ አዲስ ተብሎ ቢሸጥም ደካማ ሊሆን ይችላል።

በመጨረሻ አልነሳ ቢል፣ ማስጎተት እችላለሁ?

ማርሹ በእጅ የሚቀየር ከሆነ ማርሹን ባዶ አድርገው፣ ቁልፉን መሪው እንዳይቆለፍ ከፍተው፣ በጠንካራ ገመድ በቀስታ መጎተት ይቻላል። አውቶማቲክ ግን ሞተሩ ሳይሠራ የካምቢዮው ዘይት ስለማይዘዋወር፣ የሚያንቀሳቅሱት ጎማዎች መሬት እየነኩ ርቆ ከተጎተተ ካምቢዮው ይቃጠላል፤ ቪትዝን በመሰሉ በፊት ጎማ በሚሄዱት ላይ የፊቱ ተነሥቶ፣ የእጅ ፍሬኑ ተለቅቆ፣ አለዚያም መኪናው በሙሉ በጭነት መኪና ላይ ወጥቶ ይሂድ።